ሻጋታውን ከመፋቅ በፊት ውሃውን እንፈልግ

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላትና ለነዋሪው ሁሉ እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የወጣ።)



 

የዛሬው መነጋገሪያችን ሻጋታ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ሻጋታም ስብሰባ ያስጠራል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ያስጠራል። ባለፈው ክረምት ለኮሚቴው ከቀረቡት አቤቱታዎች የብዙዎቹ መነሻ ይኸው ነበር። ተከራይ መጥቶ «ቤቱ ሻግቶ ልጄ ሲያስል ያድራል» ይላል። አከራይ መጥቶ «በርና መስኮት ዘግተው ውሃ እያፈሉ ቤቴን አበሰበሱት» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «የዚያኛው ቤት ጠፈጠፍ ግድግዳዬን ጨረሰው» ይላል። ሦስቱም ተቆጥተው ይመጣሉ፤ ሦስቱም እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ታዲያ ጉዳዩ ሲመረመር ጥፋተኛው አንድ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም መውጫ ያጣ ውሃ ነው።

እኔ ሐኪምም ግንበኛም አይደለሁም። ነገር ግን አቤቱታ ስጽፍ፣ ቤት ለቤት ስዞር ያየሁትንና ከባለሙያዎች ያገኘነውን ትምህርት አስተባብሬ አቀርብላችኋለሁ። አሁን ሚያዝያ ነው። ዝናቡ ሳይገባ የሚሠራው ሥራ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ሐምሌ ላይ ቢጀመር ግን ወሩን ሙሉ ቢደከምበትም አይደርቅም።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታ ነፍስ ያለው ነገር ነው። እንደ እንጉዳይ ያለ ሆኖ እጅግ የደቀቀ ነው። ዘሩ ከዱቄት የቀለለ በመሆኑ በዓይን ሳይታይ በነፋስ ይሄዳል። በየቤቱ፣ በየመንገዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም አለ። ስለዚህ «ዘሩን ከቤቴ አጠፋለሁ» ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ዘሩ አርፎ ለመብቀል ምግብና እርጥበት ይፈልጋል። ምግቡ በቤታችን ሞልቷል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ፣ እንጨቱ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ፣ የአቡጀዲው ኮርኒስ፣ ልብሱ፣ ጫማው ሁሉ ምግቡ ነው። ይህን ሁሉ ከቤት ልናስወጣው አንችልም። ልንከለክለው የምንችለው እርጥበቱን ብቻ ነው። አንድ ነገር ረጥቦ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳይደርቅ ከቆየ ሻጋታው መብቀል ይጀምራል። የረጠበውን በዚያው ቀን ያደረቀ ሰው ግን ሻጋታውን ቀደመው ማለት ነው።

እኛ ጫግኒዎች ደግሞ ለዚህ ነገር የተመቸን ነን። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ብርድ ናት። የእኛ ከተማ ወደ ቆላው ወርዳ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል፤ ሙቀቱም አይለቀንም። ሙቀትና እርጥበት አብረው ሲውሉ ሻጋታ ይፋፋል። ለበርበሬያችንና ለበቆሏችን የተመቸው አየር ለሻጋታውም ተመችቶታል።

ውሃው ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

ዋናው ቁም ነገር ይህ ስለሆነ አደራ፣ በደንብ አድምጡኝ። ውሃ ወደ ቤት የሚገባው በአራት መንገድ ነው። በየትኛው እንደገባም ሻጋታው ያለበት ቦታ ራሱ ይናገራል።

1ኛ. ከላይ የመጣ። ኮርኒሱ ላይ ወይም ከግድግዳው ጫፍ ቁልቁል የወረደ ቡናማ መስመር ካለ ውሃው ከጣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮው አልተበላም፤ የሚስማሩ ቀዳዳ ሰፍቶ ወይም የሚስማሩ ጎማ ደርቆ ነው። በበጋ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ቢመለከት ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ያየዋል። በዚያው ሚስማሩን መለወጥና በሬንጅ መድፈን ነው።

2ኛ. ከጎን የተረጨ። የጣሪያው ክንፍ አጭር ከሆነ ወይም አሸንዳ ከሌለው ጠፈጠፉ መሬት እየመታ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጫል። በውጭ በኩል የግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ በጭቃ ከተለቀለቀና ምርጊቱ ከተቦረቦረ ምልክቱ ይኸው ነው።

3ኛ. ከመሬት የወጣ። ጨርቅ ጫፉን ውሃ ብታስነኩት ውሃው ወደ ላይ ይሳባል። የጭቃ ግድግዳም እንደዚሁ ነው። የቤቱ ዙሪያ ቦይ ከሌለው፣ ወይም ግቢው ከቤቱ ወለል ከፍ ያለ ከሆነ፣ ውሃው ከመሠረቱ ሥር እየገባ በግድግዳው ይወጣል። በውስጥ በኩል ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ እርጥብ መስመር ካያችሁ ይህ ነው።

4ኛ. ቤት ውስጥ የተፈጠረ። ድስት ሲፈላ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ስድስትና ሰባት ሰው በአንድ ክፍል ተዘግቶ ሲያድር፣ ትንፋሹና እንፋሎቱ መሄጃ ያጣል። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ እዚያ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። «ዝናብ ሳይዘንብ ቤቴ አፈሰሰ» የምትሉት ይህ ነው፤ ቆርቆሮው አልቦ ነው እንጂ ሌላ ምትሐት የለበትም። ሻጋታውም ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከማዕዘን፣ አየር ከማይደርስበት ሁሉ ይወጣል።

ከግድግዳው ይምጣ ከውስጥ እንፋሎት ይምጣ ካልታወቃችሁ ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ ውሰዱና ግድግዳው ላይ አራቱን ጫፍ በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እዩት። ከላስቲኩ ሥር፣ ወደ ግድግዳው ባለው በኩል ካላበ ውሃው ከግድግዳው ነው። ወደ ክፍሉ ባለው ፊቱ ላይ ካላበ ውሃው ከቤቱ አየር ነው። ይህ ፈተና ዋጋው ከሳንቲም አይበልጥም፤ ግን የአከራይንና የተከራይን ክርክር ይፈታል።

ደግሞ ጥቁር ሁሉ ሻጋታ አይደለም፤ የምድጃ ጥላሸትም ይጠቁራል። አንድ ጠብታ በውሃ የቀጠነ በረኪና አድርጉበት። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ ከነጣ ሻጋታ ነው፤ እንደጠቆረ ከቀረ ጥላሸት ሊሆን ይችላል።

በጤናችን ላይ ምን ያደርጋል?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ እንደገለጸው፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች በመተንፈሻ አካል ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ አስም ያለበትም ይብስበታል። ይበልጥ የሚጎዱት ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሰውነታቸው በሌላ ሕመም የደከመ ሰዎች ናቸው።

በእንግሊዝ አገር፣ ከማንቸስተር አጠገብ ባለችው በሮችዴል ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሱዳን የሄዱ ባልና ሚስት በአንድ የኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። ቤቱ ሻገተ። አባትየው በ2017 እ.ኤ.አ. ላከራዩ ድርጅት ቢያመለክት «ቀለም ቀባበት» ተባለ። ቀባበት፤ ሻጋታው ግን ተመልሶ ወጣ። ደጋግመው ቢያመለክቱም መፍትሔ አላገኙም። ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጃቸው በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ሞተ። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የሞቱን ምክንያት ያጣራችው ሹም ሕፃኑ የሞተው ለረጅም ጊዜ ሻጋታ በመተንፈሱ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ በኋላ በልጁ ስም «የአዋብ ሕግ» የተባለ ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል። በሕጉ መሠረት የመንግሥትና የማኅበራት ቤቶች አከራይ አሳሳቢ እርጥበትና ሻጋታ እንዳለ ሲነገረው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምሮ ማወቅ አለበት፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን ደግሞ በ24 ሰዓት።

ያንን ያህል ሀብት ባለበት አገር እንኳ ሕፃን ያስቀጠፈው ቀለም መቀባትን እንደ መፍትሔ መቁጠርና «አኗኗራችሁ ነው» እያሉ ጥፋቱን በነዋሪው ላይ ማላከክ ነው። እኛም ጋ ይህ ንግግር አለ። ዳግም አንናገረው።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሳል ሁሉ የሻጋታ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚከሳ ሰው ለሳንባ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕፃን ልጅም ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳይባል ይወሰድ። «ቤቱ ነው» ወይም «ብርድ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

የሻገተውን እንዴት እናጽዳ?

ቅደም ተከተሉን እንያዝ። መጀመሪያ ውሃውን ማቆም፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ ከዚያ ማጽዳት፣ በመጨረሻ መቀባት። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም እንቀባለን። ቀለሙ ለመስቀል ያምራል፤ ለገና ይላጣል።

ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ቀለም የተቀባ ወይም ሴራሚክ ከሆነ በሳሙናና በውሃ በብሩሽ ፈትጎ በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። በረኪና የሚጠቀም ሰው በአራት ሊትር ውሃ ከአንድ ብርጭቆ በላይ አይጨምር፤ በርና መስኮትም ይክፈት። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የማጽጃ መድኃኒት ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ያወጣል።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ግን በውሃ ማጠብ ሻጋታውን ማጠጣት ነው። የበሰበሰውን ምርጊት አቧራው እንዳይነሳ በጥቂቱ አርሶ መፋቅ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከቤት ማውጣት፣ ግድግዳውን እስኪደርቅ በአየር ማስመታት፣ ከዚያ እንደገና መምረግ ነው። አዲሱም ምርጊት ፈጽሞ ሳይደርቅ ቀለም አይነካው። ለጭቃ ቤት ከዘይት ቀለም ይልቅ ኖራ ይሻላል፤ ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይተወዋል፣ ሻጋታም በላዩ ቶሎ አይበቅልም። ብቻ ዓይን ስለሚያጠፋ ስትቀቡ ተጠንቀቁ። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰንም ለጊዜው ያምራል እንጂ ውስጡ የቀረውን ውሃ አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል።

የሚፍቀው ሰው አፍና አፍንጫውን በደንብ ይሸፍን። ሕፃናትና አስም ያለባቸው በዚያ ሰዓት ከቤት ይውጡ። የአቡጀዲና የማዳበሪያ ኮርኒስ ከሻገተ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ካልለቀቀ ይወገድ።

ሌላም አደራ አለኝ። ቤት ለማድረቅ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታቀጣጥሉ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ቤተሰቦችን ወሬ በየጊዜው የምንሰማው ለዚህ ነው። ቤት የሚደርቀው በነፋስ ነው። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር በርና መስኮት ፊት ለፊት ይከፈት። አልጋና ቁም ሳጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ፍራሽ መሬት ላይ አይነጠፍ፤ የግድ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ይቁም። በሳጥን የተቀመጠ ነጠላና የክት ልብስ ፀሐይ ባየን ቁጥር ይውጣ።

ስለ እህላችን

ቤት ሲሻግት እህሉም አብሮ ይሻግታል። በግድግዳው ሻጋታ ሳንባችን ይጎዳል፤ በእህሉ ሻጋታ ደግሞ ጉበታችን። በበቆሎ፣ በለውዝና በበርበሬ ላይ የሚወጣ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በመታጠብም፣ በመቀቀልም፣ በመጋገርም አይጠፋም። በጎረቤታችን በኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. እርጥብ ሆኖ ቤት ውስጥ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል።

«ለሰው ካልሆነ ለላም ይሁን» የሚለውም አያዋጣም። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ይኸው መርዝ ተገኝቷል፤ ዋናው መነሻም ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ላሟ የበላችውን መርዝ በወተቷ ለልጃችን ትመልሳለች። የሻገተ እህል ለዶሮም ለጠላም አይሁን። የሻገተ እንጀራንም አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ይቅር።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ሲከማችም ጆንያው መሬት አይንካ፣ ግድግዳ አይደገፍ፤ በርብራብ ላይ ይቀመጥ።

የየድርሻችን

እንግዲህ ወደ አቤቱታው ልመለስ። ከላይ ከዘረዘርኳቸው አራት መንገዶች ሦስቱ፣ ማለትም ጣሪያው፣ ጠፈጠፉና ከመሬት የሚወጣው፣ የቤቱ ባለቤት ሥራ ናቸው። ኪራይ የሚቀበል ሰው ጣሪያ መድፈን፣ አሸንዳ መስቀልና ቦይ ማውጣት አለበት። መስኮት የሌለው ክፍል አከራይቶ «ለምን አታናፍሱም?» ማለት አይቻልም። አራተኛው በአብዛኛው የነዋሪው ነው፤ መክፈት፣ ማናፈስ፣ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አለመስጣት። ተከራይ ደግሞ ፍሳሹን ባየ ዕለት ይናገር፤ ኮርኒሱ እስኪወርድ ዝም ብሎ ቤቱን በሚለቅበት ቀን ማማረር ለማንም አይጠቅምም።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ የጣሪያችሁ ውሃ የሚወርድበትን ዘወር ብላችሁ እዩ። የእናንተ አሸንዳ የሰው ግድግዳ ላይ ከጨረሰ፣ ቤታችሁ የደረቀው የሌላውን አርጥቦ ነው። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ አራስ ትተኛ ይሆናል፤ አንድ ሽማግሌ ይተኙ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ የቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ የጉርብትናም ነው።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው የሚከተሉትን ለጉባኤው አቅርቦ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝተዋል፤

ሀ) ሚያዝያ ከማለቁ በፊት በዓል ያልሆነ አንድ ቀን ተመርጦ የመንገዱ ዳር ቦይ በጋራ ይጠረጋል። ቀኑ በዚሁ ሰሌዳ ይገለጻል። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይመጣል፤ ጉልበት የሌለው ቡና ያፈላል።

ለ) አሸንዳው በጎረቤቱ ግድግዳ ላይ የሚወርድ ሁሉ እስከ ግንቦት አጋማሽ አዙሮ ወደ ቦዩ ያስገባል።

ሐ) ስለ ሻጋታ የሚቀርብ አቤቱታ ሲኖር ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ቤቱን ከባለቤቱና ከተከራዩ ጋር አብረው ያያሉ። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ማንም በማንም ላይ አይፈርድም።

መ) ቤታቸውን ራሳቸው ሊጠግኑ ለማይችሉ አቅመ ደካሞችና ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶች ወጣቶቻችን የጣሪያ ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ሬንጁንና ሚስማሩን ማኅበሩ ይችላል።

ክረምቱ አይቀርም፤ መምጣቱንም እንፈልገዋለን፤ የምንበላው በእሱ ነው። ዝናቡ ለማሳችን ይዝነብ፤ ከጣሪያችን የወረደው ግን በቦዩ ይሂድ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ጫግኒ